የሙርሺዳ ድንጋይ

«ዛሬ ካልወጣ እኔው እሰብረዋለሁ!» አለ አብዱረዛቅ፣ ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀስሮ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤሪያ በተባለው የስደት ሰፈራቸው፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቤት ለቀስተኛው ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል፤ ማስኩን ሳያወልቅ አጽናንቶ ይወጣል። አብዱረዛቅን የቆጠቆጠው መስኮቱ ሥር የቆመው ግራጫ ድንጋይ ነው። የቀረጸችው ሟቿ የወንድሙ ልጅ ናት፤ ሙርሺዳ፣ የባህሪያ አንድያ ልጅ፣ የሃያ ዓመት ተማሪ።

«የሰው ምስል ባለበት ቤት ዱዓ አናደርግም!»

«ሰው አይደለም» አለች ባህሪያ። «ዓይን አለው? አፍንጫ አለው?»

«ታዲያ ምንድነው? ወፍጮ ነው?»

እናንተዬ፣ ባህሪያም አንድ ቀን ልጇን እንዲሁ ጠይቃ ነበር። ሙርሺዳ ሱቅ ውስጥ ካርቶን እየዘረጋች ሳቀችባት። «እማ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ፓሪስ የነበሩ ቀራጮች ሰውን እንደዚህ ካርቶን ገጽ በገጽ ፈትተው መልሰው ይገጥሙት ነበር። ኩቢስት ይሏቸዋል። እኔም መልክ አልሠራም፤ አኳኋን ነው የምሠራው። ሪላክስ!»

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ሆስፒታል በገባች በስምንተኛው ቀን በፕላስቲክ ታሽጋ ወጣች። ማየት ክልክል፣ ማጠብ ክልክል። ባህሪያ ልጇን ውሃ ሳታስነካ ቀበረች። የቀራት ይህ ድንጋይ ብቻ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ክሊፕታውን ገበያ ከባህሪያ ጋር የሚነግዱት እትዬ በለጥሽ ገቡ። «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ዞር ሲሉ ድንጋዩን አዩት።

«ውይ፣ ሙርሺዳዬ! ስልኳን በቀኝ ትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወሽቃ፣ በሁለት እጇ ዕቃ ስታቀብል!»

አብዱረዛቅ ባህሪያ ላይ አፈጠጠ። «ሰማሽ? ሰው አይደለም ስትይኝ!»

ባህሪያ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ዓይንና አፍንጫ ስትፈልግ ትከሻውን ልብ ብላው አታውቅም። እውነትም አንዱ ገጽ ሽቅብ ወጥቷል፤ ሌላው ዘንበል ብሎ ተደግፎታል።

«እሺ፣ ትወጣለች» አለች በመጨረሻ። «ሳትታጠብ ግን አትወጣም።»

«አብደሻል? ድንጋይ ይታጠባል?»

«አሁን ድንጋይ ሆነልህ?»

አብዱረዛቅ በሩን አላትሞ ወጣ። እትዬ በለጥሽ ውሃ ቀድተው ሳፋውን አቀረቡላት።

ባህሪያ እጅጌዋን ሰበሰበች። አስከሬን ሲታጠብ ከቀኝ ነው የሚጀመረው። ፊት በሌለው ድንጋይ ላይ ቀኙ የቱ እንደሆነ አልጠፋትም። ሽቅብ የወጣውን ትከሻ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጋ አበሰችው። ጆሮው ወደተደገፈበት ስንጥቅ ስትደርስ፣ ውሃ ጆሮዋ ውስጥ እንዳይገባ በአውራ ጣቷ ደፈነችው።