የአባባ ሄልሜት

በመኪና መወዳደሪያው ሜዳ በር ላይ ጀማሪ ነጂዎችን የምትፈትሸውን ሴት ሁሉም «አይለፍ» ነበር የሚሏት። ነጠላ ጫማ ያደረገ አይለፍ፤ እጅጌው አጭር የሆነ አይለፍ። አንድ ጊዜ የሜዳውን ኃላፊ የገዛ ወንድም መልሳ፣ ሰውዬው «እቺስ እናቷንም አታሳልፍ» እያለ ስቆ ሄዷል።

ከሁሉ በላይ የማትደራደረው በሄልሜት ነው። ጀማሪው አጥልቆ ማሰሪያውን ካጠበቀ በኋላ ከኋላው ትቆምና የታች ጠርዙን ይዛ ወደ ፊት ትገፋዋለች። ከራሱ ላይ ከተነሳ ሰፊ ነው፤ ሰውየው ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሰልፉ መሃል የባሏ አባት ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ አርባ ዓመት መሪ ጨብጠው ዶሮ እንኳ አልገጩም። «አንድ ቀን ሰው ሳልጭን፣ ፌርማታ ሳልቆጥር ልንዳ» ብለው ሳይነግሯት ተመዝግበው ኖሯል።

«የልጄ ሚስት ናት» አሉ ለተሰለፉት፣ ኮራ ብለው።

ጫማቸው ደህና ነው፣ እጅጌያቸውም ረጅም። ሄልሜቱ ግን ከታናሽ ልጃቸው የተዋሱት ነበር፤ የዚያ ልጅ ራስ ደግሞ ትልቅነቱ የቤተሰቡ መቀለጃ ነው። አጥልቀው አሰሩት። ከኋላቸው ቆመች። እጇ ተነሳና መንገድ ላይ ቀረ። ሲገቡ ብድግ የምትልላቸው፣ ዓይናቸውን ደፍራ የማታይ አማቷ ናቸው፤ ሰው ሁሉ እያየ ጭንቅላታቸውን ይዛ ልትንጥ?

«ልክ ነው አባባ?»

«ልክክ ብሏል።»

አረንጓዴውን የማለፊያ ምልክት ለጠፈችላቸው።

በሦስተኛው ዙር መኪናው ኩርባው ላይ ተንሸራቶ ከጎማው ክምር ጋር ተላተመ፤ ዞረና በጎኑ ደገመው። በመጀመሪያው ሄልሜቱ ወለቀ፣ በሁለተኛው ጭንቅላታቸው ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ሮጣ ስትደርስ ሄልሜቱ እግራቸው ሥር ወድቋል። ማሰሪያው እንደታሰረ ነበር።

ነፍሳቸው ተረፈች። የግራ ጆሯቸው ግን ከእንግዲህ አይሰማም አለ ሐኪሙ። በማግስቱ የሜዳው ኃላፊ ቅጽ ይዞ አልጋቸው አጠገብ ቆመ።

«ሄልሜቱ ተፈትሾ ነበር?» አለ ወደ እሷ ዞሮ።

አፏን ስትከፍት አባባ ቀደሟት። «አሳምራ ፈትሻለች። ሞቆኝ እኔው ነኝ ያላላሁት።»

ኃላፊው ጻፈ። እሷም ተከትላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የባሏ እናት አቅፈው «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ብለው መረቋት። ምርቃቱ እንደ እርግማን ከበዳት።

አራት ቀን እህል አልወርድ አላት። ባሏ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት ሁሉንም ነገረችው። «እሳቸው ከሸፈኑሽ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» አላት።

«ማሰሪያውን አይቼዋለሁ፤ አልላላም ነበር» አለችው።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ቢሮ ገብታ እውነቱን አስጻፈች። አልተቆጣም። «አንቺም ታሳልፊያለሽ?» ብቻ አለ። ከበሩ ተነስታ መዝገብ ቤት ተመደበች።

ከዚያ አባባ ቤት ሄደች። ደህናውን ጆሯቸውን አዙረው ሰሟት።

«ቃሌን ውሸት አደረግሽው» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

ትንሽ አሰቡ። «ያን ቀን ሰው ፊት ጭንቅላቴን ብትይዢኝ እቆጣ ነበር። ሳምንት ሙሉ አኮርፍሽ ነበር። ጆሮዬ ግን ይኖረኝ ነበር።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

ዛሬም በየሳምንቱ ትጠይቃቸዋለች። «አባባ፣ ውሃ ላምጣ?» ትላለች።

«እ?»

በትልቅ ሰው ፊት ድምፅን ከፍ ማድረግ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት፣ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኻለች። እሳቸውም «አሁን ሰማሁ፣ አምጪ» ይላሉ። ውሃውን ስታቀብላቸው ቀና ብላ አታያቸውም።