ጉርሻ ክልክል ነው

፩

«ያቺ የማዕዶት ልጅ ተባረረች አሉ። አንዲት አሮጊት ናት ያስባረረቻት።»

ይህን ያለችው ጎረቤቴ ፈለቀች ናት። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለባሏ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ታውቁት የለ፣ ጎረቤት ሲያስነጥሰው ካልጋችሁ ሆናችሁ ይማርህ የምትሉበት ነው። ጆሮዬን አልለጠፍኩም። አልጋዬ ነው ግድግዳው ጋ ያለው። ጆሮዬ ደግሞ አልጋዬ ላይ ነበር።

ባሏ የቷ አሮጊት ናት አላት።

ፈለቀች ድምጿን ዝቅ አደረገች። ይሄኔ ነው ደንግጬ የተነሳሁት። ፈለቀች ስለ ሰው ስታወራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አታውቅም፣ ሰውዬው ቅርብ ካልሆነ በቀር።

አሮጊቷ እኔ ነኝ።


፪

ይህን የምትጽፈው ህሊና ናት፣ የልጄ ልጅ። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳ ላይ ትነካካዋለች። እኔ የመሰረተ ትምህርት ተማሪ ነበርኩ። ፊደል አንድ ባንድ ለቅሜ አነባለሁ፣ መጻፍ ላይ ግን ከስሜ አላልፍም።

ቁጥሩንም ያስገባችው እሷ ናት። አንዱን ሳትጨርሺ ወደ ሌላው ትዘያለሽ፣ ሰው ግራ ይገባዋል አለችኝ። እሺ ይቆጠር አልኳት።

አንድ ነገር ግን አስምያታለሁ። ከአፌ የወጣውን ቃል በቃል ጻፊ፣ አታሳጥሪ ብያለሁ። አሳጥራ ጽፋ ነው እዚህ የደረስነው።


፫

ለማታውቁኝ፣ ዘርፈሽዋል እባላለሁ። ህሊና ምግብ ቤት ትወስደኛለች። እበላለሁ። እፈርዳለሁ። እሷ ፍርዴን ገጿ ላይ ታወጣዋለች፣ ሰው ያነበዋል፣ ይስቃል።

መጀመሪያ ኮከብ ስጪ ብላኝ ነበር። ኮከብ የእግዜር ነው፣ ከኔ ቤት ያለው ጭልፋ ነው አልኳት። ስለዚህ የምሰጠው ጭልፋ ነው፣ ከአምስት። ሰዉ ይቺን ወደዳት። ታክሲ ውስጥ እንኳን «ጭልፋዋ እማማ» ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ አለ።

አምስት ጭልፋ የሰጠሁት ቤት ይሞላል። ይህን አይቼ ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ጭልፋ የሰጠሁት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ተመልሼ ሄጄ አይቼ አላውቅም። ምን ብዬ እሄዳለሁ። ምግቡ አይጥምም።


፬

ማዕዶት የሚባለው ምግብ ቤት የሄድን ቀን እታፈራሁን ይዣት ሄድኩ።

እታፈራሁ ጓደኛዬ ናት። የበኩር ልጆቻችንን ባንድ ክረምት ነው የወለድነው። ጥልፍ ጠላፊ ነበረች፣ በሰፈራችን የሷን ጥልፍ ሳትለብስ የተዳረች ሙሽራ የለችም። ቁም ነገረኛ ናት፣ ወሬ አትወድም። እንዴት ከኔ ጋር እንደኖረች እኔም ይገርመኛል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ተለወጠችብኝ። ጥልፉን ዓይኔ ደከመ ብላ ተወችው። ማህበር ላይ ምግብ ሲቀርብ «ከቤቴ በልቼ ነው የወጣሁት» ትላለች። ልደት ላይም ከቤቴ በልቼ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳን ከቤቴ በልቼ ነው። የኛን ወጥ ተጸየፈች፣ ኮራች አልኩ።

ለሷ አላልኩም።

ለሌላው ሁሉ ግን አልኩ።


፭

በሩ ላይ ሰሌዳ አለ። ህሊና መኪናዋን የምታቆምበት እስክታገኝ እኔ ፊደሉን መልቀም ጀመርኩ።

ጉ

ር

ሻ

ክልክል ነው።

ከበላዩ ሌላም ነገር ተጽፏል፣ ትንንሽ ፊደል ነው፣ ተውኩት። እታፈራሁን ነይ እዪ ጉድ አልኳት። እዚህ ቤት መጎራረስ አይቻልም። ከዚያ ከኮሮና ወዲህ ሰው የሰው እጅ ፈርቷል፣ ስልጣኔም ነው ብዬ ትንተና ሰጠኋት። ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። ተይው፣ እኔ ልመለስ አለች። እኔ ነኝ በክንዷ ጎትቼ ያስገባኋት።


፮

ፍርድ።

ወንበሩ፦ ከፍ ያለ ነው፣ እግር መሬት አይደርስም። ሁለታችን ቆጥ ላይ እንደወጣን ዶሮዎች ተንጠልጥለን ቀረን። አንድ ጭልፋ።

ሜኑው፦ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነገር አለ፣ ስልክ ስታሳዩት ስልካችሁ ሜኑ ይሆናል። የእታፈራሁ ስልክ ደውላ ከማውራት በቀር ምንም አይሆንም። ጭልፋ የለም።

እንጀራው፦ እንደ ሶፍት ጠቅልለው አመጡት። እጄን ልጠርግበት ምንም አልቀረኝ። ጣዕሙ ግን ደህና ነው፣ ሦስት።

ጥብሱ፦ በሸክላ ነው፣ ከስሩ ፍም አለ። የጥብስ ቅጠሉ ከመብዛቱ የተነሳ ስጋውን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ነው የፈለግኩት። ሳገኘው ግን ልስልስ ያለ ነው። አራት።

ሙዚቃው፦ ወሬ አያስወራም። ወሬ የማያስወራ ቤት ደግሞ ምን ቤት ነው።

መስተንግዶው፦




እመጣበታለሁ።


፯

አስተናጋጇ መስታወት ትባላለች። ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል፣ ለቅሜ አነበብኩት። ቀጭን ናት፣ ስትሄድ ኮቴዋ አይሰማም።

ህሊና ስልኳን ይዛ ጥብሱን ታነሳለች። እኔ አጠገባችን ያሉ ጥንዶች ሲነታረኩ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ፣ ሴትዮዋ ሚስቱ አይደለችም፣ እሱን ለሌላ ጊዜ። እታፈራሁ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ቁጭ ብላለች። ብዪ ስላት ያው ነው መልሷ።

ልጅቷ ውሃ ይዛ መጣች። እታፈራሁን አየቻት። ውሃውን አስቀምጣ ሄደች፣ እጇን ታጥባ ተመለሰች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። እታፈራሁ ወደኔ ሰረቅ አድርጋ አየችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ልጅቷም በመሃላችን እንደ መጋረጃ ቆመች።

ከዚያ አጎረሰቻት።

ደገመቻት። እንዲህ ጥቅልል አድርጋ፣ ሳታጣድፍ፣ የምታውቃት ልጅ ይመስል። እታፈራሁ ፊት ያለው ምግብ እስኪያልቅ።

በልተሽ ነው የወጣሽው፣ አይደል፣ አልኩ በሆዴ።

እኔን አንዴም አላጎረሰችኝም።


፰

እታፈራሁን ቤቷ አውርደን ስንመለስ ህሊና «መስተንግዶውስ እማማ?» አለችኝ።

ቀንቻለሁ። አሁን ነው ስሙን የማውቀው፣ ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦

«በራቸው ላይ ጉርሻ ክልክል ነው ብለው ለጥፈው፣ መስታወት የምትባለዋ ልጅ ግን ጉርሻ ታበዛለች። እታፈራሁን ይዛ ጉርሻ በጉርሻ። እኛንስ ማን ያየናል። አንድ ጭልፋ።»

ህሊና ገጿ ላይ ያወጣችው ደግሞ ይሄ ነው፦

«ጉርሻ ክልክል ነው ተብሎ በተለጠፈበት ቤት፣ መስታወት የምትባል አስተናጋጅ ጉርሻ ታበዛለች። አንድ ጭልፋ።»*

* ቃል በቃል ጻፊ ስላለችኝ የራሴንም ልጻፍ። እኔ ጥብሱን ሳነሳ ስለነበር ምንም አላየሁም። ጉርሻ ስትል ቲፕ መስሎኝ ነው። አልጠየቅኳትም። ህሊና።


፱

አንቺ ይህን የምታነቢው፣ ጓደኛሽን ይዘሽ ምግብ ቤት ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ።

ወንበሩን ተይው። ጥብሱንም ተይው፣ ያው ጥብስ ነው። የጎረቤት ጠረጴዛ ጸብም አያመልጥሽም፣ ነገ ሌሎች ይጣላሉ።

ጓደኛሽን እዪ።

ከቤቴ በልቼ ነው የወጣሁት ካለችሽ




፲

ፈለቀችን በግድግዳው በኩል የሰማሁ ዕለት ጠዋት ማዕዶት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አቤኔዘር የሚባል ልጅ ነው፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩም የተተኮሰ። ህሊና ድምጻችንን ቀድታዋለች፣ እነሆ።

እኔ፦ ልጄ፣ እኔ ጉርሻ ያልኩት የሚጎረሰውን ነው። በእጅ።

እሱ፦ ማዘር፣ ሰሌዳው «ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ጉርሻ ክልክል ነው» ነው የሚለው። ገንዘብ ማለት ነው።

እኔ፦ እሱማ የሻይ ነው የሚባለው። ጉርሻ አፍ ውስጥ የሚገባው ነው።

እሱ፦ እሺ፣ አጎረሰቻቸው እንበል። አስተናጋጅ እንግዳ ለምን ታጎርሳለች?

እኔ፦ ወዳት ይሆናላ።

እሱ፦ እኔ ጠይቄያታለሁ። ከደንበኛ ብር ካልተቀበልሽ ምን ስታደርጊ ነው ያን ያህል አጠገባቸው የቆምሽው አልኳት። ዝም ነው ያለችው። ያላጠፋ ሰው ለምን ዝም ይላል?

እኔ፦ እሱን አላውቅም።


፲፩

ልጅቷን ጠያይቄ ጀሞ አክስቷ ቤት አገኘኋት። ስታየኝ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምንድነው ያጎረስሻት፣ ለምንስ ለአቤኔዘር አልነገርሽውም ብዬ ወጥሬ ያዝኳት። ወሬ ማውጣት ያውቅበታል አፌ፣ ከሷ ግን ምንም አላወጣም። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የሳቸው ጉዳይ ነው እማማ። እኔ አልናገርም።»

ሥራሽ እኮ ነው አልኳት። ሥራ ይገኛል አለችኝ።

በር ላይ ስትሸኘኝ አክስቷ እውነቱን ነገረችኝ። ልጅቷ በየምግብ ቤቱ እየዞረች ትጠይቃለች። ስሟን ስትነግራቸው ስልካቸውን ያያሉ፣ አንቺ ጉርሻ የምታበዢው አይደለሽም እንዴ ይሏታል። ህሊና ጽሑፉን አጥፍታዋለች፣ ግን ሰዉ ፎቶ አንስቶ ተቀባብሎታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ አይጠፋም አሉኝ።

ለዚህ ነው ይህን የማስጽፈው። ያንን ያነበባችሁ ይሄንንም አንብቡ። ያንን የተቀባበላችሁ ይሄንንም ተቀባበሉ። እንደ ያኛው አያስቅም፣ አውቃለሁ።


፲፪

እታፈራሁ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ የኔን አፍ ሳልደብቅ። ነይና አጎርሳኛለች፣ ብር አልሰጠኋትም በይላት አልኳት።

እጇ እንደልማዷ ነጠላዋ ውስጥ ነው። በሩን ነው የምታየው እንጂ እኔን አታይም።

«ለምን ብሎ ሲጠይቃት ዝም አለች?»

አዎ አልኳት።

«ለአንቺስ?»

ለኔም ዝም አለችኝ አልኳት።

ያቺን ልጅ ድሮ ነበር ማወቅ የነበረብኝ አለች፣ ከኔ ይልቅ ለራሷ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔ፣ የሰው ጓዳ ሳልጠየቅ የምገባው ሴትዮ፣ ያን ቀን አልጠየቅኩም። ነገ እመጣለሁ አለችኝና ተለያየን።


፲፫

ማዕዶት በማግስቱ።

አቤኔዘር ተሽቀዳድሞ ጠረጴዛ አስይዟል። የህሊናን ገጽ ፈርቶ መሰለኝ ባለቤቱንም ጠርቶታል፣ ሙሉ ሰው፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የገባ። ጥብስ ቀረበ፣ ክትፎ ቀረበ፣ ያ የተጠቀለለ እንጀራ ቀረበ። አስተናጋጆቹ ሥራ ያላቸው እየመሰሉ ዙሪያችንን ቆሙ።

ሁላችንም አወራን። ባለቤቱ የቤቱን ስም ስለ መጠበቅ አወራ። አቤኔዘር ስለ ደንብ አወራ፣ አስተናጋጅ እንግዳ መንካት የለባትም፣ ደንብ ነው አለ። ህሊና እያለቀሰች ጥፋቱ የኔ ነው አለች። እኔ የኔ ነው አልኩ። የጥፋት ሽሚያ ሆነ። ስለ ልጅቷ ግን ትመለስ ያለ የለም፣ ይታሰብበታል ነው።

እታፈራሁ ምግቡን አልነካችም።

ባለቤቱ ጨዋታ ለመቀየር ብሎ እንዴ ማዘር፣ ይብሉልን እንጂ፣ እየቀዘቀዘ ነው አላት።

እኔ አላስችል አለኝ። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ተከስክሷል፣ ትንሽ ላስቀው ብዬ፣ እሷን ተዉዋት፣ እሷ ሁልጊዜ ከቤቷ በልታ ነው የምትወጣው፣ የሰው ቤት ወጥ አይመጥናትም አልኩ። ሳቁ። ባለቤቱ ሳቀ። ጥግ የቆሙት አስተናጋጆች ሳይቀሩ ሳቁ።

እታፈራሁ እጇን ከነጠላዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ብርጭቆዎቹ ይንጫጩ ጀመር። ሙዚቃው የሚያንቀጠቅጣቸው መስሎኝ ቀና አልኩ። ሙዚቃ አልተከፈተም። ሹካዋ፣ የውሃው ብርጭቆ፣ የጥብሱ ሸክላ ሳይቀር ከእጇ ጋር ይንቀጠቀጣል። እሷ ልታቆመው አልሞከረችም። ሁላችንም እስክናየው ድረስ እዚያው ተወችው።

ከዚያ እኔን አየችኝ። ከኔም አቤኔዘርን፣ ከሱም ባለቤቱን።

«ርቦኝ ነው የመጣሁት» አለች። «የምታጎርሰኝን ልጅ አባራችኋታል። በሉ እንግዲህ፣ ከናንተ ማን ያጎርሰኛል?»


፲፬

እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።