ዓመት የተሻገረ ደመወዝ

ታናሽ እህቴ ብልጥ ነኝ ትላለች፤ ብልጠቷ ግን ሁልጊዜ የሚጎዳው ራሷን ነው።

የምንሠራው ልብስ እጥበት ቤት ነው። የሆስፒታል አንሶላ እኔ እተኩሳለሁ፣ እሷ ታጥፋለች። የምትኖረው ሴት ልጇና አማቿ ዘንድ ነው። አማቿ ምላሱ ማር፣ እጁ ጉድጓድ ነው፤ ደመወዝ የተቀበለች ዕለት ጉልበቷን ሊስም ምንም አይቀረው፣ በማግስቱ ሰላምታ ይነፍጋታል። ስለዚህ የራሷን ክፍል ልትከራይ ቆረጠች። አከራይዋ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ አለች። እህቴም አማቿ እንዳይሸተው ብላ የዓመቱን መጨረሻ ደመወዝ ሳትፈርም ገንዘብ ያዡ ጋር አቆየችው። እኛ መሥሪያ ቤት ባል ወይም ልጅ ያስቸገራት ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምታጠራቅመው።

አዲሱ ዓመት ገባና የሁለት ወሩን ባንድ ላይ ብትቀበል ጎደለ። እጇን ይዤ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ገባሁ። ቁልፍ ከወገቡ ስለማይለይ ቁልፌ ነው የምንለው።

«አንተ ቁልፌ፣ የእህቴን ገንዘብ አይጥ በላው?»

«ግብር ነው፣ እማማ። ከዘንድሮ ጀምሮ ጨምሯል።»

«የዘንድሮው ይጨምር! ያኛውን የሠራችው አምና አይደለም እንዴ?»

«ግብር የሚያየው የተከፈለበትን ቀን ነው። አምና ፈርመው ቢወስዱት በአምናው ይቆረጥ ነበር።»

«ላቧስ? ላቧ የፈሰሰው አምና ነው እኮ!»

«ላብ ላይ አይፈረምም፣ እማማ።»

 

ደጅ ስንወጣ እህቴ አለቀሰች። «ዛሬ ለአከራይዋ ካልሞላሁላት ክፍሏን ለሌላ ትሰጣታለች፣ እትዬ።»

«ትስጣት! መስኮቷ ከሽንት ቤት ጋር ለምትተያይ ክፍል ነው የምታለቅሺው? ጓዝሽን ይዘሽ እኔ ቤት ነይ።»

ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም እዚያ ቤት አላንኮራፋም፤ ቃሉ እንዴት ከአፌ እንዳመለጠ እንጃ።

«ካንቺ ጋር?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኔ እኮ የምፈልገው ሰላም ነው።»

«ሰላም መቃብር ነው ያለው። እኔ ቤት ግን ደመወዝሽን የሚነካ የለም።»

አሰበች፣ አሰበችና፣ «በግድግዳው በኩል የምተኛው እኔ ነኝ» አለች።

ሃያ ዓመት የተኛሁበት ቦታ ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ «እሺ» አልኳት።