በአልዩ አምባ የቆረጥኩት ማተብ

ግመል ጫኝ የነገረኝን ቀን ማመን እንደሌለብኝ ያወቅሁት አንኮበር ከደረስን በኋላ ነው። የእናቴ ወንድም አባ ወልደተንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሲነሡ በመንገድ የምታገለግላቸው ዘመድ ተፈለገች። «ወለተሐና ትሂድ» ያለ ማንም አልነበረም፤ እኔው ነኝ ከሁሉ ቀድሜ «እሄዳለሁ» ያልኩት። ሲራራው፣ የነጋዴዎቹ ጓዝ፣ ማክሰኞ ወደ ባሕር ይወርዳል ተብለን ከደብረ ብርሃን እየገሰገስን መጣን። ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕም አለፈ። «ዓርብ፣ ከአልዩ አምባ ገበያ በኋላ» ተባልን።

ሥራ የፈታ ሰው አገር ያያል። የመድኃኔዓለምን ደጅ ሳምኩ፤ የቤተ መንግሥቱን አጥር ከታች ሆኜ አንጋጥጬ አየሁ። ሐሙስ ከገደሉ ጫፍ ቆምኩ። ጉሙ ሲገለጥ ከታች ያለው ቆላ እንደ ተፋቀ ቆዳ ገርጥቶ ተዘርግቷል፤ ዳርቻ የለውም። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ለማንም አልተናገርኩም። በአገሬ ምላሰኛ ተብዬ የምታወቅ ሴት ነኝ፤ «ፈራሁ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አባቴ ለተማሪዎቹ ፊደል ሲያስቆጥር እኔ ከአጥሩ ኋላ የበግ ጠጉር እየፈተልኩ በጆሮዬ የሰረቅሁት ትምህርት፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ ከነበሩት ይበልጣል።

ዓርብ ጧት ቁልቁለቱን ወርደን አልዩ አምባ ገባን። አባ የሲራራውን አለቃ ሊያነጋግሩ ሲሄዱ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ከጭነቱ አጠገብ እንዳትነቃነቂ።»

«እሺ፣ አባ።»

እሺታዬን ከጭነቱ ላይ ትቼው ገበያውን ልዞር ተነሣሁ። ግመሎቹ ተንበርክከው ያጓራሉ። የዝሆን ጥርስ አየሁ፤ በርበሬ አየሁ። ከጨው ክምሩ ጀርባ ሴት ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከሩቅ አገር ለሽያጭ የተነዱ ናቸው፤ ከእኛው ሲራራ ጋር ወደ ባሕር ይወርዳሉ። አንገታቸው ባዶ ነው። እንደ ዝሆን ጥርሱ እነሱንም ቆሜ አየሁና አለፍኩ።

ሐር የሚሸጡ እመት ዘሀራ የሚባሉ አሮጊት ምንጣፍ ላይ ሰማያዊ ፈትል አገኘሁ። የእኔ ማተብ ላብ የበላው፣ በሦስት ቦታ የተቀጣጠለ ክር ነው። በዚህ ኢየሩሳሌም አልገባም አልኩ በልቤ።

«ምን ያህል ልቁረጥልሽ፣ ልጄ?»

«አሮጌው ልኩን ያሳየናል። ምላጭዎን ይስጡኝ።»

«አዲሱን ሳታስሪ አሮጌውን?»

«ሐር መሸጡ የእርስዎ፣ ማተብ ማሰሩ የእኔ።»

ቆረጥኩና ምንጣፋቸው ላይ ጣልኩት። ከዚያ ቀለሙን በፀሐይ ልየው ብዬ አንዱን ፈትል ይዤ እስከ ጨው ክምሩ ድረስ ራቅ አልኩ።

አንድ እጅ ክንዴን ከኋላ ጨመደደው።

«አገኘኋት! ጧት ያመለጠችው ይቺ ናት! ሐርም ሰርቃለች!»

ዞርኩ። የእነዚያ ልጆች ነጂ ነው፤ አለንጋው ብብቱ ውስጥ አለ።

«እጅህን አንሣ! የመምሬ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ነኝ! ክርስቲያን ነኝ!»

«ከጧት ጀምሮ የቄስ ልጅ አይደለሁም ያለችኝ አንዲት የለችም» አለና ሳቀ። «ማተብሽ የታለ?»

እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። የነካሁት ቆዳ ብቻ ነው። ማተብ ያሰረ እንደማይሸጥ ሕፃን ያውቃል። ማተብ የሌለውስ? እሱንም ሕፃን ያውቃል። የከበበን ሰው ዓይን ሁሉ አንገቴ ላይ ነበር።

የማውቀውን የግእዝ ጸሎት ጮክ ብዬ ማለት ጀመርኩ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ።

«ሴት ግእዝ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ቄስ ቤት ውኃ ስትቀዳ የለቀመችው ነው» አለ ነጂው። የኮራሁበት ትምህርት በእኔው ላይ መሰከረ።

ጎተተኝ። «አባ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ድምፄን የግመሎቹ ጩኸት ዋጠው። ከልጆቹ መደዳ ሲያደርሰኝ አንዷ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ከአለንጋው ይልቅ ያ ቦታ አስፈራኝ። ልክ የእኔን ያህል ነበር። ተቀመጥኩበት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የእመት ዘሀራን ድምፅ ሰማሁ፤ የገበያውን ዳኛ በኩታው ጫፍ እየጎተቱ ይመጣሉ።

«ሐሬን ይዛ የጠፋችው ይቺውላችሁ!» አሉ። ከዚያ ነጂውን አዩት፤ እኔ የተቀመጥኩበትን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ! ይቺን ልጅ ምን አድርጋት ተባልህ? ማተቧን በእኔ ምላጭ ስትቆርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸው!»

ዳኛው አሮጌውን ክር ተቀበላቸው። «ቀና በይ» አለኝ። ፀሐይ ባጠቆረው አንገቴ ላይ ክሩ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ፣ እንደ ቀጭን መስመር ይዞራል። ክሩን ገጠመበት።

«ይህ በአንድ ቀን አይወጣም። ልቀቃት።»

ነጂው ክንዴን ለቀቀ፤ ዓይኑን ግን አልሰበረም። ስነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መንገዱ ረጅም ነው፣ እኅቴ» አለኝ። «ክር ደግሞ ቀጭን ነው።»

እመት ዘሀራ ሐሩን ሦስት እጥፍ ገምደው ሰጡኝ። ከቤት ያመጣሁትን የበግ ጠጉር ፈትል በምትኩ ብሰጣቸው «ለመመለሻሽ ይሁን» ብለው መለሱልኝ። ከጭነቱ አጠገብ ተቀምጬ አሰርኩት። አንዴ ቋጠርኩ፤ ደገምኩ፤ ሰለስኩ፤ ጉሮሮዬን እስኪያንቀኝ ድረስ።

አባ ሲመለሱ ግመሎቹ ተጭነው ነበር።

«ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በቆላ?» አሉና አንገቴን አዩ። «ላላ አድርጊው፣ ልጄ፤ ያንቅሻል።»

«አላላውም።»

ከጨው ክምሩ ወዲያ አለንጋ ጮኸ። ልጆቹ ተነሡ። በመደዳው መካከል፣ እኔ ተቀምጬበት በነበረው በኩል፣ አሁንም ክፍተት ነበር። ነጂው ክፍተቱን አየና ቀና ብሎ እኔን አየ።

«አባ» አልኩ። «ፈራሁ።»

እንዲህ ስል ሰምተውኝ አያውቁም። የመቋሚያቸውን ጫፍ አስያዙኝ። በአንድ እጄ መቋሚያውን፣ በሌላው ማተቤን ጨብጬ ቁልቁለቱን ጀመርኩ፤ ከኋላዬ የልጆቹ እግር አቧራውን ሲረግጥ እየሰማሁ።