ድምፅ የሌለው ሞኒተር

አባዬ ወልቂጤ ድረስ የመጣው ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ፣ ሻጩን «ጌም ይሰካበታል?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለእኔ አዝኖ የመጣ መስሎኝ ልቤ ተነክቶ ነበር። የላፕቶፔ ስክሪን ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ዥንጉርጉር ሆኗል፤ ክረምቱን ቤት ቁጭ ብዬ የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ አለ። ስክሪኑን ከማስቀየር ሞኒተር ገዝቶ ከውጭ መሰካት እንደሚሻል የነገሩኝ የዶርም ጓደኞቼ ናቸው። ይህንን ለአባዬ በስልክ ሳጫውተው፣ «እኔ እመጣለሁ፤ አብረን እንመርጣለን» አለኝ። እናንተ ያላችሁበት ቡታጅራም እኮ ሱቅ ሞልቷል ብዬው ነበር።

«አይ፣ እዚህ አይሆንም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ለምን እንደማይሆን አውቃለሁ። ቤታችን ሐዘን ላይ ነው። ወንድሜ ይታገሱ በታኅሣሥ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና ጥያ ሳይደርስ ተገልብጦ ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንሶላ ለብሷል። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አይከፈትም። እኛ ሰፈር ከሐዘንተኛ ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ቢሰማ፣ ማንም በር አንኳኩቶ አይናገርም። ዝም ብሎ ያልፍና የእድር ቀን ያነሣዋል። አባዬ፣ በርበሬ ነጋዴው ደበሌ፣ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ከሱቅ ሲወጣ ቢታይማ፣ «የልጁ አፈር ሳይደርቅ ቴሌቪዥን ገዛ» ለመባል ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ከጎረቤት ሁሉ የባሰችው ግን እናቴ ወርቅውሃ ናት። እማዬ ከታኅሣሥ ወዲህ ከመሬት ከፍ ብላ ተቀምጣ አታውቅም፤ ወለሉ ላይ በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ነው ውላ የምታድረው። አባዬ አርባው እንደወጣ መጋዘኑን ከፈተ። ሳይከፍት ምን ሊያደርግ ነበር? እሷ ግን ይህን ይቅር አላለችውም። «ልጁንም ከአርባው ጋር አወጣው» አለች አንድ ቀን፣ እሱ እየሰማ። ከዚያ በኋላ ለእሱ ያላትን ነገር ሁሉ በእኔ በኩል አደረገችው። «ምሳ ቀርቧል በይው አባትሽን» ትላለች፤ አባቴ እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ቦታ ቁጭ ብሎ እያለ ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ትዕግሥት የለኝም። ለዕረፍት ቤት በገባሁ ቁጥር በሁለቱ መሃል ስመላለስ ልፈነዳ እደርሳለሁ። እሱ ሲያለቅስ አላየችውም፤ ስላላየችው እንዳላዘነ ቆጠረችው። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁትም።

የሐምሌ መጨረሻ ነበር። ዕቃዬን ጠቅልዬ ዩኒቨርሲቲያችን ካለበት ከጉብሬ በባጃጅ ወልቂጤ ስደርስ አባዬን መናኸሪያው በር ላይ በጥቁር ኮቱ ቆሞ አገኘሁት። ማዶ ያለው ሱቅ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጡበታል። ባለቤቱን አብዱልሃፊዝን የግቢያችን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ! ሃኒ፣ አባትሽ ናቸው?» ብሎ ወንበር ጠረገለት።

አባዬ አልተቀመጠም። ዕቃ የሚመርጠው በርበሬ እንደሚገዛው ነው፤ ከላይ የተቀመጠውን አያምንም፣ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሰዶ ከሥር ያወጣል። እዚህም ፊት ለፊት የተደረደሩትን ሞኒተሮች አልፎ ከኋላ አቧራ የለበሱትን «እስቲ ያን አውርደው» ይላል። አብዱልሃፊዝ መጀመሪያ ያወረደልን አጠር ያለ አሮጌ ነበር። «ለላፕቶፕ ብቻ ከሆነ ይበቃታል፤ በዚች ሰማያዊ ገመድ ነው የሚሰካው» አለ። እኔ ልስማማ ምንም አልቀረኝም።

አባዬ ከያዘው ፌስታል ውስጥ አንድ ጥቁር ገመድ አወጣ። ወዲያው አወቅኩት፤ የይታገሱ የጌም ማሽን፣ የፕሌይስቴሽኑ ገመድ ነው።

«ይሄስ ይገባበታል? ጌም ይሰካበታል?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። እሱ አላየኝም።

«እሱ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ለዚህኛው አይሆንም» አለ አብዱልሃፊዝ፤ ገበያው የደራለት መስሎት ፊቱ በራ። «ሁለቱንም የሚቀበል ሰፋ ያለ አለኝ፣ ሃያ ሁለት ኢንች። ላፕቶፑም ጌሙም እንደተሰኩ ይቀመጣሉ፤ በዚች ቁልፍ ወዲህና ወዲያ መቀያየር ነው። ግን እንደው ጋሼ፣ ካወጡ አይቀር ቴሌቪዥን ቢወስዱ አይሻልም? ላፕቶፕም ይሰካበታል፣ ጌምም ይሰካበታል፣ ዜናም ያዩበታል፣ ድምፁ ራሱ...»

«ቴሌቪዥን አልኩህ?» አለ አባዬ።

አልጮኸም። ግን እኔ በአባዬ ፈንታ አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። አብዱልሃፊዝም እጁን ከቴሌቪዥኑ ካርቶን ላይ አነሣ።

«ድምፅ የሌለውን ነው የምፈልገው» አለ አባዬ ረጋ ብሎ።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ድምፅ ያለውን ነው የሚጠይቀኝ። አንዳንዱ ስፒከር የለውም ስል ጥሎኝ ይሄዳል። ጌም ያለ ድምፅ ምን ይጥማል?»

«ቤታችን ሐዘን አለ» አለ አባዬ። «ልጄ ነው የሞተው።»

«አላህ ያጽናችሁ። ነፍሱን ይማር ጋሼ» አለና አብዱልሃፊዝ ወደ ጓዳ ገባ። ይዞት የወጣው ሞኒተር ስፒከር የለውም። ገመዱን ሰክቶ አበራው፤ ነጭ አደረገው፣ ጥቁር አደረገው፣ አባዬም ፊቱን አስጠግቶ ጥግ ጥጉን ሳይቀር አየ። አንዲት ነጥብ እንኳን አልነበረበትም። ጠቅልሎ ሲሰጠን አብዱልሃፊዝ ሐሳቡን መያዝ አልቻለም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ይሄስ ያው የሚታይ ነገር አይደል? ከቴሌቪዥን በምን ይለያል?»

«ቴሌቪዥን ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ይስቃል» አለ አባዬ። «ይሄ ዝም ይላል።»

ለንስሐ አባታችን ቢያቀርበው የሚያዋጣው ክርክር አልነበረም። እሱም ያውቀዋል።

ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ለማንም አላስያዘም፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አቀፈው። ተራራውን ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው። እኔ የቆጨኝ እንደ ሕፃን መታለሌ ነበር።

«አባዬ፣ በዚህ ጊዜ ጌም ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ይታገሱ ራሱን አስገብቶበት የለም እንዴ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ይታገሱ መርካቶ አጎታችን ሱቅ ነበር የሚሠራው። ፕሌይስቴሽኑን ገዝቶ የአምና መስቀል ጊዜ ይዞት መጣና ለእረፍቱ ብሎ እዚያው ቤት ተወው። ኳስ ጨዋታው ላይ የራሱን ተጫዋች ፈጥሮበት ነበር፤ ስሙን፣ ቁመቱን፣ ወደ ኋላ የሸሸውን ግንባሩን ሳይቀር። ብርድ ስለማይችል ማሊያውን እጅጌ ረጅም አደረገው። በመጣ ቁጥር ከአባዬ ጋር ቴሌቪዥኑን ከሳሎን ወደ እሱ ክፍል አስገብተው፣ በር ዘግተው ይጫወታሉ፤ እማዬ ገብታ አይታው አታውቅም።

«ፎቶውንማ አየዋለሁ» አለ አባዬ። «ፎቶ ይቆማል። አንዴ ሲሮጥ ማየት ነው የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም የለኝም።» ካርቶኑን ወደ ደረቱ አስጠጋና፣ «ብቻ ሳይከፈት ከርሞ ጠፍቶ እንዳይሆን። እናትሽ ደግሞ ካወቀች በቃ፣ ዕድሜ ልኳን አትምረኝም» አለ።

ቤት ስንገባ እማዬ ከፍራሿ ላይ ሆና ካርቶኑን አየችው።

«ምንድን ነው ያመጣው?» አለችኝ።

«ለትምህርቷ ነው በያት» አለኝ እሱም። እሱም በእኔ በኩል መናገር ለምዷል።

«ለትምህርቴ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። እማዬ ካርቶኑን አየት አድርጋ «ለትምህርት ከሆነ ይሁን» አለች። ዱሮ የይታገሱ በነበረው በእኔ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ተከልኩት።

ፍልሰታ ገባ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅዳሴ ስትወጣ ውላ ነው የምትመለሰው። አንድ ቀን እሷ እንደወጣች አባዬ መጋዘኑን ዘግቶ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ፕሌይስቴሽኑን ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ሰካሁት። ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ቆየና በራ። ዝርዝሩን ወደ ታች እየገፋሁ ስሙን ስፈልግ አባዬ ከኋላዬ ትንፋሹን ይዟል። መጨረሻ ላይ አገኘሁት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ይታገሱ ደበሌ»።

«አለ» አልኩት።

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መቆጣጠሪያውን አስያዝኩት። ጨዋታው ሊጀመር ተጫዋቾቹ መሃል ሜዳ ቆሙ፤ ኳሱ ያለው ሌላ የቡድኑ ተጫዋች ጋ ነው፣ ይታገሱ በረጅም እጅጌው ወደ ዳር ብሎ ቆሟል። አንድ ቁልፍ ተጭኖ መጀመር ነበር የቀረው። አባዬ አልተጫነም። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው፤ ዓይኑ ልጁ ላይ ነው፤ እንዲሁ ቀረ። እንዴት እንደሚጫን የረሳ መስሎኝ ላሳየው ስጠጋ ፊቱን አየሁት። እንባው እየወረደ ጢሙ ውስጥ ይገባል። ድምፅ የለውም።

በሩ ሲከፈት በዝናቡ ምክንያት አልሰማንም። እማዬ ዝናቡ በርትቶባት ኖሮ ቅዳሴው ሳያልቅ መጥታለች። ነጠላዋ በስብሶ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል።

«ቴሌቪዥን ከፈታችሁ» አለች።

«ቴሌቪዥን አይደለም» አለ አባዬ ሳይዞር። «ሞኒተር ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ላጠፋው ብድግ ስል አባዬ ዞረ። እማዬ ፊቱን አየችው። አፏን ለቁጣ ከፍታ ነበር፤ እንደከፈተችው ቀረች። ከዚያ ዓይኗን ከእሱ አንስታ ወደ ሞኒተሩ ወሰደችው።

«ማነው እሱ? ዳር የቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይታገሱ ነው እማዬ። ራሱ ነው የሠራው።»

ጠጋ አለች። ከነጠላዋ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ሲንጠባጠብ ላፕቶፔን ፈቀቅ አደረግኩ። ፊቷ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ትከሻው ይንቀሳቀሳል» አለች። «ይተነፍሳል እንዴ?»

«ይተነፍሳል» አለ አባዬ።

ወደ ወለሉ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው ላይ፣ እሱ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም ሞኒተሩን እያዩ ቆዩ። እኔ መሃላቸው የምመላለስበት ቦታ አልነበረም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ስትናገር ወደ እኔ አልዞረችም፤ ወደ እሱ ነው።

«ታዲያ ልጁን በብርድ ምን ታቆመዋለህ? ኳሱን ስጠው እንጂ።»

አባዬ ቁልፉን ተጫነ። አንዴ ሳተ፣ ከዚያ ሰጠው። ይታገሱ ኳሱን ይዞ በዳር በኩል ሮጠ። እማዬ የአባዬን ክንድ ያዘች። «አታስቁመው» አለችው። አባዬ አላስቆመውም፤ ማዞርም አያውቅበትም፤ ዝም ብሎ ወደፊት ገፋው። ይታገሱ ጎሉን አልፎ ሮጠ፣ መስመሩን አልፎ ሮጠ፣ ኳሱ ወጣ፣ ሜዳው አለቀ።

«ድገመው» አለችው።