ሼህ ከማሉዲን የጻፉት

የጭነት መኪናው ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ነው ጉዴን ያወቅሁት። መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በመኪናው ላይ በተጫኑት ጆንያዎች ላይ ተቀምጠን ሹፌሩን እንጠብቃለን። አጠገቤ ያሉት እቴ መድና ከወረኢሉ የመጣላቸውን የልጃቸውን ደብዳቤ ዘርግተው ጮክ ብለው ያነባሉ። «ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋ ግን ቀጭን ናት...»

ዞር ብዬ አየሁት። የዐረብ ፊደል ነው።

«እቴ መድና፣ እየተረጎሙ ነው የሚያነቡት?»

«ምኑን ልተርጉም? ልጄ ዐረብኛ የት ታውቅና! አማርኛ ነው እንጂ።»

«ፊደሉ ግን...»

«የተማርነው በዚህ ፊደል፣ የምንጽፈውም በዚሁ። ፈረንጅ አገር ይኸን አላስተማሩህም?» አሉና ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቁብኝ።

እኔ ግን ሰሞኑን ገልጬ የናቅሁት ወረቀት ትዝ አለኝ።

ከአራት ቀን በፊት፣ ከከተማው ማዶ ባለው መንደር፣ የሟቹ የሼህ ከማሉዲን ቤት ነበርሁ። ሼሁ ሃያ ዓመት ያህል ከመቅደላ እስከ ወረኢሉ በእግራቸው እየዞሩ፣ ዐፄ ቴዎድሮስን በልጅነታቸው ያዩ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ይጽፉ ነበር ሲባል ሰምቼ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት። ልጃቸው አብዱልጀሊል ሁለት አቅማዳ ሙሉ ወረቀት አወጣልኝ። እሱ ገና በልጅነቱ ንግድ ስለ ገባ የዐረቡን ፊደል አልቆጠረም፤ እኔም አላውቀውም። ገለጥ ገለጥ አድርጌ፣ «ይኼ የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ እኔ የምፈልገው ታሪኩን ነበር» አልሁት።

እውነቱን ለመናገር በሆዴ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። እንግሊዝ አገር ስድስት ዓመት ተምሬ በጻፍሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ፣ የዚያን ዘመን ሰው ቃል ጠይቆ የጻፈ ያገር ሰው የለም ብያለሁና።

አብዱልጀሊል ቅር ብሎት፣ «እንግዲያው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ካረጁት የቁርኣን ቅጠሎች ጋር እንቀብረዋለን» አለኝ። እዚያ አገር የአላህ ስም ያለበት ወረቀት የትም አይጣልም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል።

ዓርብ ደግሞ ዛሬ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ከመኪናው ዘለልሁ።

«ጥሎህ ይሄዳል!» አሉ እቴ መድና።

«ይሂድ!»

በገብሱ ማሳ መካከል ሮጥሁ። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ሌላውን አውልቄ ወረወርሁት። ውሻ አባረረኝ፤ እሱም ደክሞት ተመለሰ። እኔ አልደከመኝም።

ስደርስ ከመስጊዱ ጀርባ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። አብዱልጀሊል ነጩን ጥቅል ታቅፎ ውስጡ ቆሟል።

«አቁም! እንዳታወርደው!»

«ምን ሆንክ? ጅብ ነው ያባረረህ?»

«ጸሎት አይደለም! አማርኛ ነው! ታሪኩ ነው!»

«ጸሎት ነው ያልከው አንተ ራስህ ነህ!»

«መቼ አነበብሁትና! ማንበብ አልችልም!»

የመስጊዱ ጠባቂ አያ ሱሌማን ከዘራቸውን አነሡብኝ። ዓይናቸው ቢደክምም ድምፃቸው አልደከመም። «ባንድ አፍ ቅበሩ፣ ባንድ አፍ አውጡ! በየገጹ ቢስሚላህ ያለበትን ወረቀት ወስደህ ለሱቅ ስኳር መጠቅለያ ልታደርገው ነው? አብዱልጀሊል፣ አውርደው!»

አብዱልጀሊል ጎንበስ አለ።

«ቆይ!» አለች አንዲት ሴት። ለዚሁ ቀን ካገባችበት ከአቀስታ የመጣችው እህቱ ፈዲላ ናት። «አያ ሱሌማን፣ አባቴ ፊደል አስተምረውኛል። አንድ ቅጠል ብቻ ላንብብ። ቁርኣን ከሆነ እኔው ራሴ አፈሩን አለብሰዋለሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። አብዱልጀሊል ጥቅሉን ወደ ላይ አቀበላት። ከመካከል አንድ ወረቀት መዘዘችና አነበበች።

«ቢስሚላህ። ከመቅደላ ግርጌ ሩቂያ ጀብሪል የምትባል ሴት ጠየቅሁ። ያን ጊዜ ዕድሜሽ ስንት ነበር ብላት፣ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር አለች። ንጉሡን አየሻቸው ወይ ብላት፣ አዎን፣ መድፉ ሲጎተት እሳቸውም ገመድ ይዘው ነበር፤ ትከሻቸው አፈር ለብሶ ነበር አለች።»

የአያ ሱሌማን ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ። «ሩቂያ ጀብሪል? እናቴ እኮ ናት!»

«ገና አላለቀም» አለች ፈዲላ። «ይህን ለጎረቤቷ ለኑርጃን ብነግራት፣ ሩቂያ ዋሽታለች፤ ያን ቀን ታማ ተኝታ ነበር። ያየሁት እኔ፣ ለእሷም የነገርኋት እኔ ነኝ አለች። ሁለቱንም ጻፍሁ። የትኛዋ እንዳየች አላህ ያውቃል።»

የአንዱን ምስክር ቃል በሌላው መመርመርን ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ ስማር፣ እኚህ ሰው እዚሁ በባዶ እግራቸው ሠርተውት ኖሯል። ጽሑፌ ገደል ገባ፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን እስቃለሁ።

«ምን ያስቅሃል!» አሉ አያ ሱሌማን። «ያቺ ምላሰኛ ኑርጃን! ዕድሜዋን ሙሉ እናቴን እንደተመቀኘች ሞተች! እናቴ ውሸታም ተብላማ አትቀበርም! አብዱልጀሊል፣ ውጣ ከዚያ! አንድ ባንድ እየተነበበ ይለይ። ቁርኣኑ ወደ ጉድጓዱ፣ የሼሁ ወደ ቤት!»

«ከቤት ግን አይወጣም» አለችኝ ፈዲላ። «የፈለገ እዚሁ መጥቶ ይስማ።»

«እሰማለሁ። ዓመትም ቢፈጅ።»

አብዱልጀሊል ነጩን ጨርቅ ሣሩ ላይ ዘረጋው፤ እህቱ እያነበበች ትለይ ጀመር። እኔ ኪሴ ውስጥ ባገኘሁት ወረቀት ጀርባ እየጻፍሁ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልሁ።

«አያ ሱሌማን፣ እናትዎ ያን ቀን ታመው ነበር?»

አገጫቸውን አሹ። «ታማስ እንደነበር ነግራኛለች» አሉ ቀስ ብለው። «ቢሆንም በግድግዳው ቀዳዳ አይታለች።»

«ቀዳዳው ወደ መንገዱ ነበር?»

«እኔም ልጅ ሆኜ እዚያው ቤት በሱ እያየሁ አይደል ያደግሁት! ተቀመጥና ጻፍ።»