የልበ ዐቅራብ እስትንፋስ

የሰው ልቡና በምድር የሚሻውን ያጣ እንደ ሆነ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ በሰማይም የሚያየው ብዙ ጊዜ የገዛ ምኞቱን እንጂ የፈጣሪን ምሥጢር አይደለም። ይህንም፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከመምህር ላእከ ማርያም መከራ ትረዳዋለህ፤ እሳቸው በአንድ ደጋ ተራራ ራስ በተተከለ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ሲደክሙ የኖሩ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ሳንባቸውም በደዌ የተበላ ሊቅ ነበሩ።

ድካማቸውም ሁሉ ስለ ልበ ዐቅራብ ነበር፤ ይህች ከፀሐይ በብዙ መቶ እጥፍ የገዘፈች፣ ለሞቷም የተቃረበች ቀይ ኮከብ ናትና። በከባቢዋ ያለው ጋዝ እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል፤ ወደ እኛ ሲወጣ፣ ብርሃኗ በመሣሪያ ሲተነተን የሚታዩት መሥመሮች ወደ ሰማያዊው፣ ሲወርድ ወደ ቀዩ ያዘነብላሉ፤ ከዝንባሌውም ፍጥነቱ ይሰላል። ነገር ግን ምድራችንም ራሷ እንደ ወቅቱ አንዴ ወደ ኮከቧ፣ አንዴም ከእርሷ ወዲያ የምትሮጥ ስለሆነች፣ ሩጫዋ እንደየቀኑ ከስሌቱ ይቀነሳል። መምህሩ ስድስት ዓመት በየግንቦቱ ተመልክተው፣ «ጋዙ በሰከንድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ እኛ ይገሠግሣል» ብለው ጻፉ፤ ሊቃውንቱ ተሳለቁባቸው፤ ሐኪሞችም «መስከረም አይጠባላቸውም» ስላሉ፣ መጽሐፋቸውን በማግሥቱ ለኅትመት ሊልኩ ቆረጡ።

በዋዜማው ቀትር ግን፣ ስሌቱን የምትሠራላቸው ይርገዱ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ የመጣችው፣ ልጇን እንዳዘለች ሰነዱን ስታመሳክር እጇ ከወረቀቱ ላይ ቀረ። መምህሩ ቀኑን በሀገራቸው አቆጣጠር «10/9» ብለው ይጽፉ ነበር፤ እርስዋም ያንኑ ለኮምፒዩተሩ ሰጥታዋለች፤ ኮምፒዩተሩ ግን ግንቦትን ከወዴት ያውቃል? ዘጠነኛው ወር የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መስሎት፣ የሌላ ወቅት የምድር ሩጫ ቀንሶላታል።

«የኔታ፣ ጋዙ አልሮጠም።»

«ታዲያ ማን ሮጠ?»

«ምድር ናት... ወሩን አሳስቼ አስገብቻለሁ።»

«ስድስቱንም ዓመት?»

«ስድስቱንም።»

መምህሩ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። «አይ ይርገዱ! ለዚያ ሁሉ ፌዘኛ ቀለብ ሰፈርሽለት በይኛ!»

«ዝም ብል ማን ያውቃል? አንዴ እንኳ ደስ ይበልዎ።»

«እኔ አውቃለሁ። ይልቅ እንደገና አስዪው።»

እንደገና ቢሰላ፣ ያ ታላቅ ግሥጋሤ እንደ ጤዛ ረግፎ፣ ከመሣሪያው ጉድለት የማይለይ ኢምንት ንቅናቄ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ኮከቧን ዳግም ይመለከቱ ዘንድ ከሰማይ አንዲት ጥርት ያለች ሰዓት ለመኑ፤ የሰኔ ደመና ግን ተራራውን እንደ መግነዝ ጠቀለለው፤ ጣሪያው በየምሽቱ ተከፈተ፣ በየምሽቱም ጉም ገባበት። በሐምሌ ዓይናቸው ፈጽሞ ሲጠፋ፣ ይርገዱ «ስሕተቱ የኔ ነው ብዬ ልጻፍ» ብላ ብታለቅስ፣ «ቀኑን የጻፍኩ እኔ፣ ስሌቱን አምኜ የፈረምኩ እኔ፤ አንቺ እጄን ያዥልኝ» አሉ። እጃቸውንም ይዛ በመጽሐፉ ግርጌ «ተሳስቻለሁ» አስጻፈቻቸው፤ በነሐሴም ሰማዩ ሳይገለጥ ዐረፉ። ስሕተት በአንዲት አኃዝ ትገባለች፤ ስትወጣ ግን ዕድሜን አስከትላ ትወጣለች።